ዐሥራ ሰባት ቁጥር በራድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ትንሽ ሽኝት አደረጉልኝ። ኬክ ተቆረሰ፤ የግድግዳ ሰዓት ተሸለምኩ። ከዚያ የመድረኩ መሪ «በጋዜጠኝነት ዘመንዎ በጣም የሚኮሩበት ዘገባ የትኛው ነው?» አለኝ። ሁለት ሦስቱን ጠቀስኩ፤ ሰዉ አጨበጨበ። የማፍርበትን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ሳላስብ እመልስ ነበር፤ ምክንያቱም ያ ዘገባ አንድ ብቻ ነው፤ እርማቱም እስከ ዛሬ አልወጣም።

ሥራ የጀመርኩት በመኪና አደጋና በእሳት ቃጠሎ ዜና ነው። ቀጥሎ ፍርድ ቤት ተመደብኩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የፍርድ ቤት ዜና አደገኛ ሥራ ሆነ። አንድ ጠዋት ዋና አዘጋጃችን ቢሮው አስጠራኝና «ከነገ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲውን ነው የምትከታተለው፤ ምርምር ምርምሩን» አለኝ።

«ስለ ሳይንስ ምን አውቄ?»

«ማወቅ አይጠበቅብህም። ሳይንስ ማንንም አያሳስርም።»

ሊያተርፈኝ ብሎ ነው፤ ደግ ሰው ነበር። አዲሱ ሥራ የደመወዝ ጭማሪ አልነበረውም፤ የአውቶቡስ አበል ግን ነበረው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ባዳ ነው ያሳለፍኩት። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ደረቅ ቅጠል በጋዜጣ መሃል ያስቀምጣሉ፤ ጋዜጣው የእኛ ነበር፤ አንድ ቀን በራሴ ዘገባ ላይ የተጣበቀ ቅጠል አየሁ። የሒሳብ ክፍል ሰዎች ዘንድ ደግሞ የሚታይ ነገር ጠፋኝ። ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው። ፎቶ አንሺያችን «ሲያስቡ ላንሳቸው?» ብሎኝ አውቃለሁ። እዚያ ክፍል ነው ከጋሼ ለማ ጋር የተዋወቅነው።

ጋሼ ለማ ስታትስቲክስ ያስተምሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት ሲጀምሩ ማንን እንጠይቅ፣ ስንቱን እንለካ ብለው ወደሳቸው ይመጣሉ። «ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል» ያለ ሰው ካጋጠማቸው ረጋ ብለው «ስንቱን ጠየቅህ?» ይላሉ። መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ሲሄዱ፣ ሰውዬው የተናገረውን ጽፈው ሲጨርሱ ሳያነቡለት አይወጡም። «እንዲህ ነው ያሉኝ፤ ልክ ነው?» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን በመጠይቁ ቀኝ ዳር «አላውቅም» የሚል ዓምድ ያሰምራሉ። ተማሪዎቻቸው ያን ዓምድ ባዶውን ከመለሱላቸው ቅር ይላቸዋል። «ይሄን ሁሉ ቤት ዞራችሁ አንድ የማያውቅ ሰው አላገኛችሁም? እንግዲያው አልሰማችሁም ማለት ነው።»

የበራዱ ጥናት የመጣው በዚያ መሃል ነው። በዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ የምታስተምረውን ዶክተር ሰብለን፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚሠሩት የሻይ በራዶች አሳሰቧት። በራዱ ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ነው የሚሠራው። ቆርቆሮው በመቀስ ተቆርጦ በእንጨት መዶሻ ይጠቀለልና፣ ሻዩ የሚቀዳበት ጡቱና መገጣጠሚያው በማጣበቂያ ብረት ይያያዛል። ጥሩው ማጣበቂያ ከውጭ የሚመጣ ነጭ ብረት ነበር። በነዚያ ዓመታት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለጠፋ ግን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የሚወጣ እርሳስ እየቀለጠ ይቀላቀልበት ጀመር። እርሳስ ደግሞ ሻይ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ሰውን የሚመርዝ ነገር ነው፤ በተለይ ሕፃናትን።

ሰብለ በራዶቹን በቤተ ሙከራ ትለካለች፤ አንድ የሶሲዮሎጂ መምህር ስለ ባለሙያዎቹ ኑሮና ስለ ሥራቸው ያጠናል፤ የትኞቹ ሱቆች እንደሚገቡ ጋሼ ለማ ይወስናሉ። እኔ ሦስቱንም እከተላለሁ። ለጋዜጣ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።

ጋሼ ለማ ሱቆቹን የሚመርጡት በቁጥር ሰንጠረዥ ነበር፤ ዕጣ እንደማውጣት ያለ ነገር ነው። የወጣለት ሱቅ ዝግ ከሆነ ቀጣዩን አይወስዱም፤ ሌላ ቀን ተመልሰው ይመጣሉ። በር ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ከልክለዋል፤ በር ላይ ምልክት ሲደረግ በዚያ ዘመን ፍተሻና እስር ይከተል እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

ጋሼ እንድሪስ የሚባሉ በራድ ሠሪ ዘንድ የሄድን ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ጋሼ እንድሪስ ከወሎ የመጡ የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ጺማቸው በሒና የቀላ፣ የግራ አውራ ጣታቸው ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ። ሱቃቸው በር ላይ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ እዚያው በርሜሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተሠራውን ይሸጣሉ። ጋሼ ለማ ሱቁ ለጥናት መመረጡን ሲነግሯቸው መዶሻውን አስቀመጡ።

«ማን ጠቁሞኝ ነው?»

«ማንም አልጠቆመዎትም። ቁጥር ነው ያወጣዎት።»

«ቁጥሩንስ ማን ላከው?»

«ማንም።»

«ወላሂ፣ ከሰው ይልቅ ይሄ ያስፈራል» አሉ ጋሼ እንድሪስ። ጎረቤቶቻቸው ሳቁ።

ጋሼ ለማ ቁጭ ብለው አስረዷቸው። ከሱቁ አንድ በራድ ይገዛሉ፤ በራዱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለባለሙያዎቹ ነው፤ የሚሻለውንም አብረው ይፈልጋሉ። ጋሼ እንድሪስ ብዙ አሰቡና እጃቸውን ዘረጉ፤ ተጨባበጡ። ይህን ሁሉ በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። መጨባበጡ ለጥሩ መግቢያ ይሆናል ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ቃል መሆኑን ልብ አላልኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ሰብለ የመጀመሪያውን ውጤት አሳየችኝ። ዐሥራ ሰባት ቁጥር የተሰጠው በራድ፣ ሎሚ የገባበት ሻይ ሲፈላበት፣ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ እርሳስ ለቅቋል። «ቁጥር ብቻ ስለሆነ ማንንም አይነካም» አለችኝ። እኔም እንዲሁ አሰብኩ።

ጋሼ ለማ «ከመውጣቱ በፊት ባየው ደስ ይለኛል» ብለውኝ ነበር። እንደማይሆን ነገርኳቸው። ዘገባ ከመታተሙ በፊት ለባለጉዳይ አላሳይም፤ የፍርድ ቤት ዘጋቢ ሳለሁ የያዝኩት ደንብ ነው፤ ለዳኛም ለተከሳሽም ሰብሬው አላውቅም። እሳቸውም አልተከራከሩኝም።

ዘገባውን በሰው ጀመርኩ፤ አንባቢ ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሰማያዊው በርሜል፣ በሒና የቀላው ጺም፣ የተቆረጠው አውራ ጣት አሉ። ስም የለም። ሁለተኛው አንቀጽ «ዐሥራ ሰባት ቁጥር በተሰጠው በራድ» ብሎ ይጀምራል። እያንዳንዱን ቃል ከማስታወሻዬ ጋር አመሳክሬዋለሁ። ሳንሱሩ ሳያንገራግር አሳለፈው። ርዕሱን ዋና አዘጋጁ ነው የሰጠው፤ «መርዝ» የሚል ቃል ነበረበት። ሆኖም ርዕሱ ብቻውን ቀጥሎ የመጣውን አደጋ አያደርስም ነበር።

በአራተኛው ቀን እትዬ ዘሀራ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ማንበብ አልችልም። አንብብልኝ» አሉ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው።

«ባሌ መርዝ ሠራ የሚለው የትኛው ጋ ነው?»

«የለም፣ እትዬ። እንደዚያ የሚል የለም።»

«ደግመህ እየው።»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያ ሰዉ ሁሉ ያነበበው ምኑን ነው?»

ዓይኔ በሁለቱ አንቀጾች መሃል ባለችው ነጭ ቦታ ላይ ነበር። በርሜሉ እውነት ነው፤ ዐሥራ ሰባት ቁጥርም እውነት ነው። ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። በራዱ የማን እንደሆነ ሳላውቅ የጋሼ እንድሪስ ነው ብዬ ለሀገሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

እትዬ ዘሀራ የቀረውን ነገሩኝ። ከሸማ ተራ ጀምሮ እስከ አብነት ደንበኛ የነበረው ሁሉ በራዱን እየመለሰ ነው። ቀበሌው ሱቁን አሽጎታል። እሑድ ጠዋት ጋሼ እንድሪስ በሕዝብ ስብሰባ ፊት ይቀርባሉ፤ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሏል። ስብሰባው ጥፋተኛ ካላቸው ጉዳዩ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ይተላለፋል። በዚያ ዘመን ወደ ከፍተኛው የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አይነግርህም፤ እሳቸውም አላሉኝም፤ ጋዜጣውን አጥፈው መልሰው ቋጠሩት።

ወደ ዋና አዘጋጁ ገባሁ። እርማት እናውጣ አልኩት።

«ምን ብለን?»

«በራዱ የማን እንደሆነ አናውቅም ብለን።»

መነጽሩን አወለቀ። «ወንድሜ፣ የመንግሥት ጋዜጣ አናውቅም ብሎ ያውቃል? ይልቅ ዝም በል፤ ይረሳል።»

ከዚያ በቀጥታ ጋሼ ለማ ዘንድ ሄድኩ። ጋዜጣውን አንብበውታል፤ አልተቆጡኝም፤ ወንበር ሳቡልኝ።

«ዝርዝሩ እርስዎ ጋ ነው» አልኳቸው። «ዐሥራ ሰባት የእንድሪስ አይደለም ብለው አንድ ቃል ይናገሩ፤ ነፃ ይወጣሉ።»

«ዛሬ የእንድሪስ አይደለም አልኩ እንበል። ነገ ቀበሌው የጎረቤቱን ይጠይቀኛል። እሱም አይደለም እላለሁ። ቀጥሎ ሦስተኛውን። ዝም ያልኩበት ቀን ሰውዬውን ሰጠሁት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ‹አይደለም› ማለት ዝርዝሩን ሙሉ እንደማንበብ ነው።»

«ታዲያ ንጹሕ ሰው ዝም ብሎ ይጠፋ?»

«ንጹሕ መሆኑን በምን አወቅህ?» አሉኝ። «ቢሆንስ? እኔ ቃል የገባሁት በራዱ ደህና ለሆነለት ሰው ብቻ አይደለም።»

የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። እትዬ ዘሀራ ከመጡ ጀምሮ ራሴን የወቀስኩት ንጹሕ ሰው በድያለሁ ብዬ ነበር፤ ንጹሕ መሆናቸውንም ቢሆን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ጋሼ እንድሪስ ቤት ሄድን። በሩን ራሳቸው ከፈቱና እኔን ሲያዩ ወደ ውስጥ ጮኹ፦ «ዘሀራ! ጋዜጣው መጥቷል፤ ጺሜን ልሸፍን?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የማውቀውን ብቻ ሳይሆን የማላውቀውንም እንደጻፍኩ ነገርኳቸው።

«ጣቴን ምን አደረገህ ግን? አርባ ዓመት የደበቅኳትን ጣት ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየሃት» አሉ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ልጄ፣ ነገ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? አሻጥረኛ። እኔ አሻጥር ለመሥራት ጊዜ አለኝ?»

ጋሼ ለማ ስለ ማጣበቂያው ጠየቋቸው፤ ድሮ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ይለዩ እንደነበር። ጋሼ እንድሪስ ተነሥተው ከአልጋ ሥር ካለ ጣሳ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አወጡ። አንዱን በጋሼ ለማ ጆሮ አጠገብ ይዘው ቀስ ብለው አጎበጡት። ከውስጡ ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ወጣ። ሌላውን አጎበጡት፤ ጸጥ።

«ነጩ ብረት ሲያጎብጡት ይጮኻል። እርሳስ የበዛበት ዲዳ ነው። አባቴ ያስተማረኝ ነው። አሁን ግን ማን ይሰማል? አንድ ነጋዴ አለ፤ ቀልጦ የተሠራ ማጣበቂያ እሱ ያመጣልናል፤ ሁላችንም ከእሱ ነው የምንገዛው። ያመጣውን እንወስዳለን፤ ካልሆነ ጾማችንን እናድራለን።»

ጋሼ ለማ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ሲለዩ ስንት ጊዜ ይሳሳታሉ?»

«አልሳሳትም።»

«ተፈትነው ያውቃሉ?»

«ማን ይፈትነኛል?»

«እኔ» አሉ ጋሼ ለማ።

ጋሼ ለማ ሰብለን አስጠሯት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቤተ ሙከራዋ መጣች። እርሳሱ በተለያየ መጠን የተቀላቀለባቸው ብረቶች ይዛለች፤ ሁሉም በአንድ ቅርጽ የቀለጡ፣ በዓይን የማይለዩ። ብረቶቹን በቁጥር ብቻ ለይታ ለጋሼ ለማ ሰጠቻቸውና መልሱን የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ ውጪ ወጣች፤ ጋሼ እንድሪስ ፊቷን አይተው እንዳይገምቱ ነው። ጋሼ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን እያጎበጡ «ይጮኻል»፣ «ዲዳ» ይላሉ፤ ጋሼ ለማ ይጽፋሉ። መሃል ላይ አንዱን ሁለት ጊዜ አጎበጡት፤ ጥርሳቸው መሃልም አደረጉት።

«ይሄን አላውቅም» አሉ።

ጋሼ ለማ እንደዚያ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። በቀኝ ዳር ባለችው ዓምድ ላይ ምልክት አደረጉ። ሰብለ ተመልሳ ወረቀቱን ስታመሳክር የጋሼ እንድሪስ መልስ ሁሉ ልክ ሆነ። አላውቅም ያሉት ብረት እርሳሱ ትንሽ ብቻ የገባበት ነበር።

«እርግጠኛ ያልሆኑበትን ባይነግሩኝ ኖሮ አላምንዎትም ነበር» አሏቸው ጋሼ ለማ።

ሌሎቹን ባለሙያዎች ጋሼ እንድሪስ ራሳቸው ከቤት ቤት እየዞሩ አነጋገሯቸው። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። እሑድ ጠዋት ግን የተራው ባለሙያ ሁሉ በሱቁ ያለውን ማጣበቂያ ይዞ መጥቶ የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ አንድ ጆንያ ውስጥ ከተተው።

አዳራሹ ሞልቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ጓድ ለማ፣ ዝርዝሩን ይዘዋል?»

«አልያዝኩም። ለማሳየትም አልችልም። ለነዚህ ሰዎች ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃል የገቡት ለሰፊው ሕዝብ መሆን ነበረበት!»

«ሰፊው ሕዝብ የሚጠይቀኝ የነገው ሻይ ምን ይሁን ብሎ ነው። ለእሱ መልስ አለኝ።»

ጋሼ እንድሪስ ሳይጠየቁ ተነሡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ በራድ የኔ ሊሆን ይችላል። እኔም አላውቅም፣ እነሱም አያውቁም። የምንሠራበት ብረት አንድ ነው።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ ይሄ የሚጠጡበት በራድ ከየት ነው?»

ሊቀመንበሩ በራዱን አየው። «ከ... ከዚሁ ከተራው የተገዛ ነው።»

«አብሽሩ፣ ይጠጡት» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። በየሰዉ ቤት አንድ አንድ እንዳለ ያኔ ነው ሁሉም ያሰበው፤ ሳቁም ወዲያው ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጆንያው ተፈታ። ጋሼ እንድሪስ ብረቱን አንድ በአንድ እያነሡ ለአዳራሹ አጎበጡ። የፊተኞቹ ሰምተው ለኋለኞቹ ይነግራሉ። የሚጮኸው በስተቀኝ፣ ዲዳው በስተግራ ተከመረ። የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከመሃሉ የጋሼ እንድሪስም እንዳለበት ግን ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸውም በጥንቃቄ ነው የሰሙት። የግራው ክምር ከፍ እያለ ሄደ፤ የቀኙ ከእፍኝ ብዙም አልዘለለም። ባለሙያዎቹ ነጩን ብረት በማኅበር ሆነው ለማግኘት እንዲያመለክቱ፣ እስከዚያም በዲዳው ባልዲና ሣጥን ብቻ እንጂ በራድ እንዳይሠሩ ተስማሙ።

«ጥፋተኛው ማነው ብዬ ሪፖርት ልጻፍ ታዲያ?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ድምፁ ዝግ ብሏል።

«ችግሩ በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ ተፈታ ብለው ይጻፉ» አሉት ጋሼ ለማ። ይህ አባባል በዚያ ዘመን የማይገባበት ሪፖርት አልነበረም። ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና ጻፈው። ከሰዓት በኋላ የሱቁ ማሸጊያ ተነሣ።

ሁሉም እንደነበረ አልተመለሰም። ከጋሼ እንድሪስ የድሮ ደንበኞች ግማሹ በሌላ ሱቅ በኩል ዞሮ መሄድ ለመደ። ስብሰባውን ያየው አንድ አዳራሽ ሰው ነው፤ ጋዜጣውን ያነበበው ከተማው። በዚያ በኩል ሳልፍ ጋሼ እንድሪስ ለጎረቤቶቻቸው «ጣታችሁን ደብቁ፤ ጋዜጣው መጣ!» ይላሉ፤ ከዚያ ወንበር ያስመጡልኛል። አንድ ቀን ነጩ ብረት የተገኘ ጊዜ በራድ ሠርተው ሰጡኝ። መገጣጠሚያውን በጆሮዬ አጠገብ አድርገው «ከመጣበቁ በፊት ጮኾልኛል» አሉኝ። ዛሬም ሻይ የማፈላው በእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ በማስታወሻ ደብተሬ ቀኝ ዳር ዓምድ አሰምር ጀመር። ለባለጉዳይ ዘገባ ያለማሳየት ደንቤን አልሻርኩም፤ ነገር ግን ስለ ሰውዬው የጻፍኩትን፣ ስለ እሱ ብቻ የሆነውን፣ ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ፦ «እንዲህ ነው ያልኩት፤ ልክ ነው?» እላለሁ። ባልደረቦቼ ጊዜ ይፈጃል ይሉኝ ነበር። ይፈጃል።

ጋሼ ለማም ጋሼ እንድሪስም አሁን የሉም። ጋሼ ለማ ዝርዝሩን ምን እንዳደረጉት አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው «ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ። ዳግመኛ አልጠየቅኩም።

ዋና አዘጋጁ ይረሳል ያለው አንድ ሰው ዘንድ አልተረሳም። እትዬ ዘሀራ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህን ጽሑፍ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ያኔ ጠረጴዛዬ ላይ ጋዜጣውን ዘርግተው ለፈለጉት፣ ላላገኘሁላቸው ዓረፍተ ነገር ምላሹ ይኸው፦

እርማት፦ ስለ ምን አለሽ ተራ የሻይ በራዶች ባወጣሁት ዘገባ ውስጥ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ የተገለጹትን ባለሙያ በሁለተኛው አንቀጽ ከተጠቀሰው ዐሥራ ሰባት ቁጥር በራድ ጋር የሚያገናኛቸው ምንም ማስረጃ አልነበረም። በራዱ የማን ሥራ እንደሆነ ዘጋቢው አያውቅም ነበር። አሁንም አያውቅም።